በረዶ የለበሰ እሳተ ገሞራ ወጥቶ በስኪ መውረድ፦ ለደሴ ልጅ ይቻላል?

የጦሳ ልጅ

ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት ናችሁ?

በቀጥታ ወደ ጥያቄዬ ልግባ። የአክስቴ ልጅ አሜሪካ፣ ፖርትላንድ ነው የሚኖረው። እኔም ለትምህርት ወደዚያው ልሄድ ነው። ቪዛው ወጥቷል፣ መስከረም ላይ እገባለሁ። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር በየዓመቱ ግንቦት ላይ ሴንት ሄለንስ የሚባል ተራራ ይወጣል። እሳተ ገሞራ ነው፣ ላዩ ግን በሙሉ በረዶ ነው። ሌሊት ተነስተው ይወጡና ከጫፉ በስኪ፣ እግር ሥር በሚታሰር ረጅም ጣውላ መሰል ነገር፣ እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ። ቪዲዮውን ከላከልኝ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አቅቶኛል። «ከመጣህ አንተም አለህበት» ብሎኛል።

መውጣቱ አያስፈራኝም። ሰፈራችን ከጦሳ ሥር ነው፤ ጦሳን ስወጣና ስወርድ ነው ያደግኩት። አሁንም ጠዋት ጠዋት ከልጆች ጋር እንወጣለን። በረዶ ግን የማውቀው ክረምት ላይ ቆርቆሮ ሲደበድብ ብቻ ነው። ስኪ በእጄ ነክቼ አላውቅም።

ስኪ ጨርሶ የማያውቅ ሰው ከመስከረም እስከ ግንቦት ተምሮ ከእንዲህ ያለ ተራራ መውረድ ይችላል? ከፍታው ይከብዳል? እዚሁ ደሴ ሆኜ ከአሁኑ ምን ልለማመድ? ደግሞ እናቴን ምን ልበላት? ባለፈው ህዳር አፋር ላይ ኃይሊ ጉቢ ከፈነዳ ወዲህ እሳተ ገሞራ ሲባል መስማት አትፈልግም።

የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ።

የሁለት ልጆች እናት

ልጄ፣ መንገድህን ያቅናልህ። ስለ ስኪው የማውቀው የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ልበልህ። ለእናትህ ሳትነግር እንዳትወጣ። እኛ እናቶች የምንፈራው የነገራችሁንን ሳይሆን የደበቃችሁንን ነው። ደርሰህ ስትመለስም ቶሎ ደውልላት።

ሀረጎ ማዶ

ወንድምዓለም፣ እንኳን ደስ ያለህ። አብሽር፣ ጥያቄህ ሰው አላጣም። ተወልጄ ያደግኩት ሰኞ ገበያ ነው። ዋሽንግተን ስቴት ብዙ ዓመት ኖሬ ተመልሻለሁ፤ አሁን ኮምቦልቻ ነኝ። ሴንት ሄለንስን በእግርም ወጥቼዋለሁ፣ በስኪም ወርጄዋለሁ። በጣም የምወደው ተራራ ነው። ስለሱ ሲጠየቅ ዝም ማለት አይሆንልኝም፣ ስለዚህ ርዝመቱን ቻለው።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ። መውጣቱን ትችላለህ። በመጀመሪያው ግንቦትህ ከጫፉ በስኪ መውረዱን ግን እኔ ብሆን አልፈቅድልህም። መጀመሪያ በእግርህ ውጣ፣ በእግርህ ውረድ። ስኪው ለቀጣዩ ዓመት ይቆይ። ይህን መስማት እንደማትፈልግ አውቃለሁ። ግን ምክንያቴን እይልኝ።

ከከፍታው ልጀምር። የሴንት ሄለንስ ጫፍ 2,549 ሜትር ነው። ደሴ ደግሞ ያለችው 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ሰው ሌሊት ተነስቶ ላቡን አንጠፍጥፎ የሚደርስበት ከፍታ፣ አንተ ፒያሳ ቁጭ ብለህ ማኪያቶ የምትጠጣበት ከፍታ ነው። ስለዚህ አየሩ አያሸንፍህም። እዚያ በረዶ ኖሮ እኛ ጋ የሌለው በቦታው ምክንያት ነው። እኛ ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ላይ ነን፣ ሴንት ሄለንስ 46 ዲግሪ ላይ ነው። ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚነሳው እርጥብ አየር ከህዳር ጀምሮ እስከ መጋቢትና ሚያዝያ ድረስ በረዶ ሆኖ ይወርድበታል። ግንቦት ሲገባ ታች ያለው ዛፍ አረንጓዴ ሆኖ ላይኛው ተራራ ገና ነጭ ነው።

የሚከብደው ርዝመቱ ነው። በበረዶው ወራት የሚነሱት ማርብል ማውንቴን ከሚባለው መኪና ማቆሚያ ነው፤ 820 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። ከዚያ እስከ ጫፍ 1,730 ሜትር ያህል ሽቅብ አለ። ከኮምቦልቻ በሀረጎ ደሴ እስክትደርስ የምትወጣው 650 ሜትር ገደማ ነው። እሱን ሁለት ጊዜ ተኩል እጠፈውና በአንድ ሌሊትና ጠዋት ጨርሰው። መንገዱ ወርም ፍሎውስ ይባላል። ደርሶ መልሱ 19 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መጀመሪያ ጫካ ውስጥ ነህ። ቾኮሌት ፎልስ የምትባል ትንሽ ፏፏቴን ስታልፍ ዛፉ እያለቀ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ሸንተረርና ሰማይ ብቻ ነው። ከ1,460 ሜትር በላይ ለማለፍ ዓመቱን ሙሉ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከሜይ 15 በኋላ ደግሞ በቀን የሚፈቀደው ለ110 ሰው ብቻ ነው። የአክስትህ ልጅ ቀድሞ ያውጣልህ።

ስኪ ለመውረድ ብቻ ይመስልሃል፣ አይደል? ለመውጣትም ነው። ከሥሩ «ስኪን» (በእንግሊዝኛ ቆዳ ማለት ነው) የሚሉት ረጅም ጠጉራም ጨርቅ ይለጠፍበታል። እንደ አህያ ጠጉር ነው፤ ከአንገቷ ወደ ጭራዋ ስትዳብስ እጅህ ይንሸራተታል፣ ስትመልሰው ይቆምብሃል። ስለዚህ ስኪው ወደ ፊት ይሄዳል እንጂ ወደ ኋላ አይንሸራተትም። የቦቱ ተረከዝ ይለቀቃል፣ የሚታሰረው የፊቱ ብቻ ነው። እግርህን ከበረዶው ሳታነሳ እየገፋህ ትወጣለህ። አንዴ ምቱ ከገባህ ከመራመድ ይልቅ ይቀላል።

ግን በግንቦት ሌሊት በረዶው ይደርቃል። ዳገቱ ቀጥ ሲል ጨርቁ መያዝ ያቅተዋል። ያኔ ስኪውን ቦርሳህ ላይ አስረህ ክራምፖን ታደርጋለህ፤ ቦት ሥር የሚታሰር የብረት ጥርስ ማለት ነው። በጭለማ የሚሰማህ የራስህ ትንፋሽና የብረቱ ቅርጭ ቅርጭ ብቻ ነው። ያንን ድምፅ አዳምጠው። ቅርጭ እያለ እስከያዘ ድረስ ደህና ነህ። ድምፁ ጠፍቶ እግርህ መስመጥ ከጀመረ ፀሐይ ሥራዋን ጀምራለች፤ ሰዓትህን እይ።

ነገሩ ሁሉ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። በዚያ ወቅት በረዶው ሌሊት ይጠነክራል፣ ቀን ከላይ ይቀልጣል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ቅንጣቱ እየተለቀ ይሄዳል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ብትወርድበት የስኪው ጠርዝ አይነክስልህም፤ ከወደቅክ የሚያቆምህ የለም። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ብትወርድ ደግሞ ረግረግ ነው። እግርህ ይሰምጣል፣ እርጥቡ በረዶ ከሥርህ ተነስቶ ናዳ ሊሆን ይችላል። በመካከላቸው ግን አንድ ጥሩ ጊዜ አለ። የላይኛው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ለስልሶ ሥሩ ገና ጠንካራ የሆነበት ጊዜ። ያኔ ስኪው የሚሄደው አንተ ባሰብክበት ነው። ከዚያ የሚበልጥ ደስታ በተራራ ላይ አላየሁም። አየሩ ጥሩ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከረፋዱ 4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ውስጥ ይገኛል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስተው የሚወጡት ለዚያ ነው። ሌሊቱን ደመና ሸፍኖት ካደረ በረዶው ሳይጠነክር ይነጋል። ያን ቀን ከመኪናው ሳይርቁ መመለስ ነው።

አሁን ገባህ? ስኪ ላይ መቆምና ቀስ ብሎ መውረድ በጥቂት ቀን ይለመዳል። አንተ ግን ጫፍ የምትደርሰው ሰባት ስምንት ሰዓት ወጥተህ፣ ጭንህ እየተንቀጠቀጠ ነው። በረዶው ደግሞ በአንዱ ቁልቁለት ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ይለዋወጥብሃል። አንዳንዱ ቦታ ላይ ንፋስ ከአፋፉ ያመጣው አመድ ተበትኖበታል፤ ጥቁሩ ላይ ስትደርስ ስኪው በድንገት ይይዝና ወደ ፊት ይወረውርሃል። ይህን ሁሉ እግርህ ሳታስበው መመለስ አለበት። ያ ደግሞ አንድ ሙሉ ወቅት ይፈልጋል።

የእነሱን ክረምት፣ ማለትም የበረዶውን ወራት፣ ማውንት ሁድ ላይ ተማር። ከፖርትላንድ በመኪና ቅርብ ነው። እሱም እሳተ ገሞራ ነው፣ 3,429 ሜትር፣ ግን ወደ ላይ የሚያወጣ የገመድ ሊፍትና የተደለደለ መውረጃ አለው። መምህር ከፍለህ ተማር። ዘመድ አያስተምርህ። ዘመድ ይወድሃል፣ ግን ይቸኩላል፤ አንተ ገና መቆም ሳትችል ከላይ ይወስድሃል። ጠዋት በደረቀውም፣ ከሰዓት በረግረጉም ግራና ቀኝ እየዞርክ ሳትወድቅ መውረድ ከቻልክ ያን ጊዜ ሂድ እልሃለሁ።

የሚቀጥለውን ደግመህ አንብበው። የሴንት ሄለንስ ጫፍ ሹል አይደለም። የተናደ ተራራ አፋፍ ነው። አንተ ከደቡብ በኩል ትወጣለህ፣ ከፊትህ ሰሜኑ ክፍት ነው። ክረምቱን ሙሉ ንፋስ በረዶውን እየገፋ ከአፋፉ አሳልፎ አየር ላይ ያንጠለጥለዋል። ከላይ ሲያዩት ሜዳ ነው። ከሥሩ ግን ምንም የለም፣ በመቶ ሜትሮች የሚቆጠር ገደል ነው። በፌብሩዋሪ 2010 ተራራውን ደጋግሞ የወጣ ልምድ ያለው ሰው ጫፉ ላይ ፎቶ ሊነሳ ሲል በረዶው ተቆርሶ ወደ ውስጥ ወድቆ ሞቷል። እኛ ገደል አይተን ነው ያደግነው፤ አዝዋ ላይ የት መቆም እንዳለብን እናውቃለን። እዚያ ግን ድንጋዩ የት አልቆ ባዶው የት እንደሚጀምር አይታይም። ከጠርዙ ራቅ ብለህ ቁም። ሌላ ሰው ቀርቦ የቆመበት ዱካ አያታልልህ። ለፎቶ ብለህ አንዲት እርምጃ እንዳትጨምር። ራቅ ብለህም ሬኒየር፣ አዳምስና ሁድ የሚባሉት ተራሮች ሦስቱም ይታዩሃል።

ሌላም ጫፍ ላይ የሚሆን ነገር አለ። አብሮን የወጣ አንድ ልጅ ጨርቁን ሊልጥ ስኪውን አውልቆ በጎኑ አጋደመው። ስኪው መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጫፉን አዞረና ሄደ። ሁላችንም ጮህን፣ ማንም አልደረሰበትም። ሸንተረሩን ይዞ ሲወርድ አየነው፣ ከዚያ ጠፋ። ልጁ አንዱን ስኪ ተሸክሞ ያን ሁሉ ቁልቁለት በእግሩ ወረደ። ስኪህን ስታወልቅ ጭራውን በረዶው ውስጥ ጠልቆ እስኪቆም ትከለው።

ስለ እናትህ ደግሞ። አሜሪካኖቹ የእናቶች ቀንን የሚያከብሩት በሜይ ሁለተኛው እሁድ ነው። በዚያ ቀን ወንዱም ሴቱም ቀሚስ ለብሶ ሴንት ሄለንስን መውጣት የቆየ ልማድ ነው። የአክስትህ ልጅም ግንቦት ላይ የሚወጣው ለዚያ ሊሆን ይችላል። እኔ የወሎ ቀሚሴን ከስኪ ሱሪዬ ላይ ደርቤ ወጥቼበታለሁ። ወገቤን በመቀነት ጠበቅ አድርጌ፣ ታችኛውን ጫፍ ከጉልበቴ በላይ ሰብስቤ ሰፍቼው ነበር፣ ስኪው ውስጥ እንዳይገባ። ነጠላ ግን አልያዝኩም፤ ንፋስ ላይ ፊት ይሸፍናል። ፎቶውን እናቴ ሳሎን ሰቅላዋለች። ለእናትህ በስሟ የሚወጣ ተራራ እንደሆነ ንገራት። ቀኑንና ሰዓቱን፣ አብሮህ የሚሄደውንም ሰው ንገራት። ከላይ እትዬ ያሉት ልክ ነው፣ መደበቅ ነው የሚያስፈራቸው።

መምህር ከቧንቧ ውሃ

እህታችን ስለ በረዶው ሁሉን ተናግራዋለች። እኔ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ስለ እሳተ ገሞራው ትንሽ ልጨምር።

ኃይሊ ጉቢና ሴንት ሄለንስ አፈጣጠራቸው ለየቅል ነው። አፋር ላይ መሬት እየተሰነጠቀ እየተራራቀ ነው። እዚያ ደግሞ ጁዋን ዴ ፉካ የሚባለው የውቅያኖስ ወለል በሰሜን አሜሪካ ሥር እየገባ ነው። ወለሉ ሲወርድ ውሃ ይዞ ይወርዳል። ውሃው ጥልቅ ቦታ ላይ ሲለቀቅ ከበላዩ ያለው ድንጋይ በቀላሉ ይቀልጣል። ወደ ላይ ሲደርስ ወፍራምና ጋዝ ያመቀ ማግማ ሆኗል። ኤርታሌ ላይ እንደምናየው ቀጥኖ አይፈስም። ይታፈንና ይፈነዳል።

የፈነዳው ግንቦት 10 ቀን 1972 ዓ.ም. ነው፤ በእነሱ ሜይ 18 ቀን 1980። እሁድ ጠዋት ነበር፣ 2 ሰዓት ከ32 ደቂቃ። ከዚያ በፊት ለሁለት ወር ያህል ምልክት ሲሰጥ ቆይቷል። መሬቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ሰሜናዊው ጎኑም በየቀኑ ከአንድ ሜትር በላይ እያበጠ ይወጣ ነበር። በዚያ ጠዋት 5.1 የሆነ መንቀጥቀጥ ተነሳና ያበጠው ጎን ተናደ። ከተመዘገቡት የመሬት ናዳዎች ሁሉ ትልቁ ነው። ክዳኑ ሲነሳ የታመቀው ጋዝ በጎን በኩል ፈነዳ። 57 ሰው ሞተ። ተራራው 2,950 ሜትር ነበር፣ 400 ሜትር ያህል አጥቶ ዛሬ ያለበት ላይ ቀረ። በኋላም ከ2004 እስከ 2008 ድረስ ውስጡ ቀስ ብሎ አዲስ የቀለጠ ድንጋይ ጉልላት ሠርቷል።

እናትህ ከጠየቀችህ ይህን በላት። የአሜሪካ ጂኦሎጂ ሰርቬይ እዚያው አቅራቢያ ቫንኩቨር፣ ዋሽንግተን ውስጥ የእሳተ ገሞራ መከታተያ ማዕከል አለው። ተራራው ላይ በተተከሉ መሣሪያዎች መንቀጥቀጡንና የመሬቱን መነሳት ቀን ከሌት ያያሉ። ምልክት ከታየ መንገዱ ይዘጋል።

በረዶ የለበሰ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ብዙ ሰው የሚገድለው ታች ሸለቆ ውስጥ ነው። በረዶው ቀልጦ ከአመድና ከድንጋይ ጋር የጭቃ ጎርፍ ይሆናል። በ1985 ኮሎምቢያ ውስጥ ኔቫዶ ዴል ሩይዝ ሲፈነዳ ፍንዳታው ራሱ ትንሽ ነበር። የጭቃው ጎርፍ ግን አርሜሮ የምትባለውን ከተማ በሌሊት ዋጣት፤ ከ20,000 ሰው በላይ አለቀ። ማስጠንቀቂያው ሰው ጋ በጊዜ አለመድረሱ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ተማሪዎቼን ሳስተምር ከሁሉ በላይ የምቆምበት ታሪክ ይህ ነው።

የጦሳ ልጅ

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። እትዬ ሀረጎ ማዶ፣ እውነት ለመናገር የጻፉትን መጀመሪያ ሳነበው ከፋኝ። ማታ ለአክስቴ ልጅ ላኩለት። እሱም «ልክ ናቸው፣ እኔም ከመውረዴ በፊት አንድ ክረምት ሁድ ላይ ነበርኩ» አለኝ። ቪዲዮው ላይ ይህን አልነገረኝም!

እሺ፣ በእግሬ እወጣለሁ። ግን ሦስት ነገር ልጠይቅዎት። ስወርድ በእግሬ ብቻ ነው ወይስ ቁጭ ብሎ መንሸራተት የሚሉት ነገር ይቻላል? ጦሳ ላይ ምን ብሠራ ይጠቅመኛል? የሰፈር ልጆች ደግሞ ሮለር ስኬት ተማር፣ ከስኪ ጋር አንድ ነው እያሉኝ ነው።

ሀረጎ ማዶ

ጨዋ ልጅ ነህ። በእግር ውጣ ስልህ ትተወዋለህ ብዬ ፈርቼ ነበር።

ቁጭ ብሎ መንሸራተት ይቻላል፣ ብዙ ሰው የሚወርደው እንደዚያ ነው። ከፊትህ የወረዱት የቀደዱት ቦይ ታገኛለህ። መቀመጫው የማያስገባ ሱሪ ልበስ። ሕጉ አንድ ነው፦ ክራምፖንህን ሳታወልቅ እንዳትቀመጥ። የብረቱ ጥርስ በረዶው ውስጥ ሲነከስ ሰውነትህ ይሄዳል፣ እግርህ ይቀራል። ቁርጭምጭሚት የሚሰበረው እንደዚያ ነው። የበረዶ መጥረቢያውን በሁለት እጅህ በጎንህ ያዝ፣ ጭራውን በረዶው ላይ ስትጫን ፍጥነትህ ይቀንሳል። ቁልቁለቱ የት እንደሚያልቅ ካልታየህ አትቀመጥ። በረዶው ገና ደረቅ ከሆነም አትቀመጥ፣ ጠብቅ።

ወደ ጦሳ እንምጣ። ሽቅቡን ለምደኸዋል፤ ሳንባህ ደህና ነው። የሚጎድልህ የቁልቁለት ጭን ነው። በስኪም ሆነ በእግር ስትወርድ ጭንህ የሚሠራው ክብደትህን እየያዘ ነው፤ ሥራው ከመውጣት የተለየ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ጦሳን ስትወርድ አትሩጥ። ጉልበትህን አጠፍ አድርገህ፣ ደረትህን ወደ ፊት ሰጠት አድርገህ፣ ቀስ ብለህ ውረድ። ከታች ስትደርስ ጭንህ ካቃጠለህ ሠርተሃል ማለት ነው።

ሸክም ደግሞ ጨምር። ቦርሳህ ውስጥ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልተህ ውጣ፣ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። እየለመድክ ስትሄድ ሁለት አድርገው። ጫፍ ስትደርስ ባህር ዛፉ ሥር ድፋውና ባዶውን ይዘህ ውረድ። ሽቅቡ ላይ ትጠነክራለህ፣ ቁልቁለቱ ላይ ጉልበትህ አይጎዳም። በሌሊት የመነሳት ልምድም ይኑርህ። አንድ ሁለቴ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታችሁ በባትሪ ውጡ፣ ብቻህን ግን እንዳትሄድ። ሆድህ በዚያ ሰዓት ምን እንደሚቀበል እወቅ። ለእኔ በሶ ነበር። እዚያ ያሉት ጓደኞቼ ከረሜላና ቸኮሌት ይበሉ ነበር፣ እኔ በሶዬን በማር ለውሼ በትንሽ ፌስታል እይዛለሁ፤ በብርድ አይደርቅም፣ ጥርስም አይፈልግም።

ሮለር ስኬቱ ጥሩ ነው። አንድ ነው ማለት ባይሆንም ክብደትን ከአንድ እግር ወደ ሌላው ማዛወርና ወደምትሄድበት ማየት ያስተምራል። ግን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ተማር። ሀረጎ ላይ እንዳትወርድበት። ሲኖ ትራኮቹ ፍሬን ይዘው በሚወርዱበት መንገድ ላይ ልጆች ሲጫወቱ አይቼ ልቤ ቀጥ ይላል።

አንድ የረሳነው ፀሐይ ነው። የደሴ ልጅ ፀሐይ አይፈራም ብለህ እንዳትተዋት። አዲስ በረዶ ከላይ ከሚመጣው የፀሐይ ጨረር አብዛኛውን ወደ ፊትህ ይመልሰዋል። ስለዚህ የሚቃጠለው ያላሰብከው ቦታ ነው፦ አገጭህ ሥር፣ የአፍንጫህ ቀዳዳ ውስጥ፣ ትንፋሽ ሲያጥርህ አፍህን ከፍተህ ስለምትሄድ ላንቃህ ሳይቀር። ሰንስክሪን እዚያ ሁሉ ተቀባ። ጥቁር መነጽር ከጎን የሚሸፍን ይሁን። ያለ መነጽር የዋለ ሰው ቀን ምንም አይሰማውም። ማታ ነው ዓይኑ አሸዋ የገባበት ያህል የሚያቃጥለው።

ኮምቦልቻ ሯጭ

ለጦሳ ልጅ ሞራል እንዲሆን፦ ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን የክረምት ኦሎምፒክ ላይ በስኪ ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሯል። በክረምት ኦሎምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው። በ2010 ቫንኮቨርም ተመልሶ ተወዳድሯል። የእሱ አገር አቋራጭ ስኪ ነው፣ ተራራ የሚወርደው ዓይነት አይደለም። ግን ባንዲራችን በረዶ ላይ ታይቷል።

እትዬ፣ የሚማር ሰው ዕቃውን መግዛት አለበት? ዋጋው ስንት ይደርሳል? እኔም ልጠይቅ ብዬ ነው።

ሀረጎ ማዶ

ስለ ሮቤል ስላነሳህ ደስ ብሎኛል።

አይግዛ። በመጀመሪያው ክረምት ሁሉን ይከራይ። ለመውጣት የሚሆነው ስኪ፣ ተረከዝ የሚለቀው ማሰሪያና ቦት አዲሱ በጣም ውድ ነው። የራሱን ሲፈልግ ወቅቱ ሲያልቅ ሰው የሚሸጠውን ያገለገለ ይፈልግ። ቦት ግን የሌላ ሰው አይዋስ። ስኪ ቢረዝምም ቢያጥርም ይቻላል። ቦት ልክህ ካልሆነ ጣትህ ይደነዝዛል፣ ተረከዝህ ይላጣል፣ ስኪውም አይታዘዝም። ሲለካ አንድ ቀጭን ካልሲ ብቻ ያድርግ፣ ቆሞ ጣቱ የቦቱን ጫፍ ነካ ያድርገው፣ ጉልበቱን ሲያጥፍ ደግሞ ይላቀቅ። እንዲያ ከሆነ ልኩ ነው። ሱቁ ውስጥ ሃያ ደቂቃ አድርጎት ይዞር፣ ሻጩ ቢሰለችም ይሰልች። ሄልሜትም አይተው።

ከሊፍቱ ውጭ በረዶ ላይ መሄድ ሲጀምር ደግሞ ቢከን፣ አካፋና መፈለጊያ ዘንግ የሚሏቸው ሦስቱ ያስፈልጉታል። ቢከን በናዳ የተቀበረን ሰው የሚያገኝ ትንሽ ራዲዮ ነው። የተቀበረ ሰው በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ከወጣ የመትረፍ ዕድሉ ትልቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ በፍጥነት ይወርዳል። የነፍስ አድን ቡድን በዚያ ጊዜ አይደርስም። የሚያወጣህ አጠገብህ ያለው ሰው ነው። ስለዚህ ዕቃውን መያዝ ብቻውን አይበቃም፣ አብሮህ ያለውም መጠቀም መቻል አለበት። እዚያ የሁለትና የሦስት ቀን ኮርስ ይሰጣል። የጦሳ ልጅ፣ ከስኪ ትምህርቱ ቀጥሎ ብርህን እዚያ ላይ አውለው።

የእኔ ክራምፖንና የበረዶ መጥረቢያ ቤቴ አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ኮምቦልቻ ብትወርድ አያያዙን አሳይሃለሁ። ወድቀህ ስትንሸራተት በመጥረቢያው ራስን ማቆም የሚባል ነገር አለ፤ እንቅስቃሴውን ሣር ላይም መለማመድ ይቻላል። ሯጩም መምጣት ከፈለገ ይምጣ። ረጅም ሱሪና ጓንት አድርጋችሁ ኑ። ስልኬን በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ፣ ስትነሳ ደውል።

የጦሳ ልጅ

ደርሶኛል እትዬ። ቅዳሜ 8 ሰዓት ላይ እንገኛለን። እናቴም ልምጣ እያለች ነው፣ ፎቶውን ማየት ፈልጋለች። ይቻላል?

ሀረጎ ማዶ

ምን ጥያቄ አለው! ይምጡ እንጂ፣ ቡና አፈላለሁ። የእኔም እናት እዚሁ ናት፣ ፎቶውን ራሷ ታሳያቸዋለች።